መልስ፦ ለዊኪሚዲያ ቦርድ ለመወዳደር እበቃለሁ ወይ?
ወንድሜ፣ «ለዓመታት ውክፔዲያ ላይ ጽፌያለሁ፤ ለዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ቦርድ ብወዳደርስ?» ነው ጥያቄህ። ፋውንዴሽኑ ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። መወዳደሩስ ጥሩ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በተሻሻለው ደንብ የቦርዱ ወንበር ከ10 ወደ 16 ከፍ ብሏል። 8ቱ ለበጎ ፈቃደኛው ማኅበረሰብ የተተዉ ናቸው፤ የአንዱ ዘመን 3 ዓመት ነው። ደመወዝ የለውም።

እዚያ ገብተህ ጽሑፍ ለማረም ከሆነ ሐሳብህ፣ ተወው። ቦርዱ የጽሑፍ ይዘት ላይ እጁን አያስገባም። የሚያየው በጀት፣ የኦዲት ሪፖርትና ዋና ሥራ አስፈጻሚውን መቅጠር ነው። ሰነዱ ብዙ ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ስብሰባው ደግሞ የፋውንዴሽኑ መቀመጫ ለሆነችው ሳንፍራንሲስኮ የተመቸ ሰዓት ላይ ከዋለ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። (ሚስትህን ከወዲሁ አስፈቅድ!)

የጥቅም ግጭት ነገርም አለ። ዘመድህ ያለበት ቡድን ከፋውንዴሽኑ የገንዘብ ድጋፍ ከጠየቀ ቀድመህ ትናገራለህ፤ ድምፅም አትሰጥም። «ምን አለበት፣ የኛው ልጅ ነው» እዚያ አይሠራም።

እኔ ብሆን መጀመሪያ በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚሠራ አገር ቤት ያለ የዊኪሚዲያ ቡድን ውስጥ ገብቼ ሒሳብ እይዝ ነበር። ደረሰኝ ሰብስበህ፣ ሪፖርት ጽፈህ እየው። ከወደድከው ተወዳደር፤ ድምፄን አልነፍግህም።