ስለ ሕንድ የሰብል ዝርያ ምርምርና ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ፦ ጥያቄና መልስ

ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት በርከት ያለ ጥያቄ ደርሶኛል። የማውቀውን እነሆ።

ጥያቄ፦ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ድሮን ነው?
መልስ፦ ድሮን ይጠቅማል። እኔ ግን ባር ኮድን አስቀድማለሁ። አንድ ተመራማሪ በአንድ የዘር ወቅት በሺህ የሚቆጠር መደብ፣ ማለትም ለሙከራ የተከፋፈለ ትንሽ ማሳ፣ ይዘራል። ቀድሞ ረዳቱ ፀሐይ ላይ ቆሞ አበባ ያወጣበትን ቀን ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ማታ ሌላ ሰው ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። መደብ 417 በስህተት 471 ተብሎ ከገባ የማይሆነው ዘር ይመረጣል፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም ከታወቀ። አሁን ችካሉ ላይ ያለው ባር ኮድ በስልክ ይነበባል፣ ልኬቱ እዚያው ይመዘገባል። ፊልድ ቡክ የተባለው መተግበሪያ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበት ማሳ ላይም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የዘረመል ምርመራውስ ምን አፈራ?
መልስ፦ ሽንብራውን እዩት። በሕንድ ሽንብራ የሚዘራው ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ነው። ፍሬ ሲቋጥር እርጥበቱ ያልቅበታል። አይሲሲ 4958 የተባለው ዝርያ ሥሩ ብርቱ ስለሆነ ድርቁን ይችላል። ተመራማሪዎች ለዚህ የሚረዳውን የዘረመል ክፍል ለዩ። ከዚያ ይህን ዝርያ ፑሳ 372 ከተባለው ጋር አዳቀሉት፤ በየትውልዱም ከቅጠል ዲኤንኤ እየመረመሩ ክፍሉን የወረሱትን ብቻ መርጠው ያዙ። ሥር ለማየት እያንዳንዱን ተክል መቆፈር አላስፈለገም። ፑሳ 10216 እንዲህ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያም ገለቱ የተባለው ሽንብራ በዚሁ ዘዴ ወጥቷል። የእኛም ሽንብራ ጥቁር አፈር ላይ በቀሪ እርጥበት ስለሚበቅል ችግሩ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ቴክኖሎጂው የዝርያ ማውጣቱን ሥራ ስንት ዓመት ያሳጥራል?
መልስ፦ ማዳቀሉን በጣም ያፋጥናል። ሽንብራው በቀን የሚያገኘውን ብርሃን በመብራት አራዝሞ፣ ዘሩን በእሸትነቱ እየለቀሙ በመዝራት በዓመት እስከ 7 ትውልድ ማድረስ ተችሏል። በየአካባቢው የሚደረገው የማሳ ሙከራ ግን አያጥርም፤ የሕንድ ግዛቶች የሆኑት የማድያ ፕራዴሽና የካርናታካ አየር አንድ አይደለምና። ዘር አባዝቶ ለገበሬው ማድረስም ሌላ ዓመታት ይፈጃል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፦ ጥሩ ዝርያ ወጥቶ እያለ ገበሬው የድሮውን ሲዘራ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ተመራማሪውን ይተካዋል?
መልስ፦ አይተካውም።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ከየት ልጀምር?
መልስ፦ ወንድሜ፣ ስታቲስቲክስህን አጥብቅ። ፊልድ ቡክን ስልክህ ላይ ጫንና 20 መደብ ሽንብራ ዝራ፣ አበባ ያወጣበትን ቀን በየመደቡ መዝግብ። የትኛው መደብ ላይ እንደተሳሳትክ ራስህ ታገኘዋለህ።