ሰው ሁሉ ለቁርባን ሲነሣ እናንተስ?

እዚህ አሜሪካ ስትኖሩ፣ የሥራ ባልደረባ ሠርግ ወይም ቀብር አንድ ቀን ኤፒስኮፓል ቸርች (የአንግሊካኖች የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን) ውስጥ ያስገባችኋል። ዲሲ አካባቢ ያላችሁማ ናሽናል ካቴድራልን ታውቁታላችሁ፤ የእነሱ ነው። መዝሙሩም ንባቡም አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው ሰው ረድፍ በረድፍ ለቁርባን መነሣት ሲጀምር ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ያደግኩት ኦርቶዶክስ ቤት ነው። የጎኔ ሰው ሲነሣ ተነሣሁ፣ ሰልፉ ይዞኝ ሄደ፣ ሲንበረከኩ ተንበረከክኩ። ቄሷ (አዎ ሴት ናት፣ በፈረንጆቹ 1976 ነው ለሴቶች ቅስና የፈቀዱት) ፊቴ ስትደርስ አፌን ከፈትኩ። እኔ የማውቀው ካህን አፍ ውስጥ ሲያቀብል ነዋ! እሷ ቂጣውን ይዛ እጄን ትጠብቃለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ እሷን እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ደንግጬ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ገባት መሰለኝ፣ ባርካኝ አለፈች።

ለካ ለዚህ ምልክት አለው። የማትቆርቡ ከሆነ ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አመሳቅላችሁ ቅረቡ፣ ይባርኳችኋል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወንበራችሁ ላይ ብትቀሩም ማንም አይቀየምም፤ ለሚያልፈው ሰው ጉልበታችሁን ሰብሰብ ማድረግ ብቻ ነው።

በእነሱ ሕግ የተጠመቀ ክርስቲያን ሁሉ፣ ከየትም ቤተ ክርስቲያን ይምጣ፣ መቁረብ ይችላል። ግን እነሱ ፈቀዱ ማለት የእኛ ቤት ፈቀደ ማለት አይደለም። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ከሌላ ቤት አይቆረብም፤ ጥያቄ ካላችሁ የንስሐ አባታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ጴንጤ ሆናችሁ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ፣ በትንንሽ ኩባያ የሚታደል ጭማቂ አትጠብቁ። እውነተኛ ወይን ነው፣ ጽዋውም ብዙውን ጊዜ የጋራ ነው። ቀኝ መዳፋችሁን በግራው ላይ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ቂጣው እዚያ ይቀመጣል፣ አሜን ትላላችሁ። ጽዋው ሲመጣ ከሥሩ ያዝ አድርጋችሁ ወደ አፋችሁ ምሩት፣ አንድ ጉንጭ አይሞላም፣ ፉት ማለት ነው። አሳላፊው ጠርዙን ጠርጎ ጽዋውን ያዞረዋል። ሊፕስቲክ የተቀባችሁ ቀድማችሁ ጥረጉት።

ከጽዋው መጠጣት ካልፈለጋችሁ ቂጣውን ሳትበሉ ይዛችሁ ጫፉን ብቻ ወይኑ ውስጥ ማስነካት ይቻላል። አንዳንድ ቦታ አሳላፊው ራሱ አጥቅሶ ይሰጣችኋል። እኔ ይሄ ማጥቀስ ብዙም አይመቸኝም፤ ሰው ንጹሕ መስሎት ጣቱን እስከ ጥፍሩ ይነክራል። አልኮል የማትነኩ ከሆነ ቂጣው ብቻውን ይበቃል፣ ጎደለ አይባልም። በኮቪድ ጊዜ ጽዋው በብዙ ቦታ ቆሞ የሚሰጠው ቂጣ ብቻ ነበር። ስንዴ የማይስማማችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ብዙዎቹ ግሉተን የሌለው ያስቀምጣሉ።

ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን መኪና ውስጥ እያላችሁ ንገሯቸው። የእኛ ልጆች ክርስትና ከተነሡበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆርቡ ሰልፍ ሲያዩ ቀድመዋችሁ ነው የሚሮጡት።