ቅርጹ ካልፈለጉት ቦታ እየተሳበ ሲጣበቅ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በጅማ ከተማ መርካቶ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የማስታወቂያና የኅትመት ሥራ ቤት ውስጥ በዲዛይን ሥራ ላይ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ቡና ቆልተው ለሚያሽጉ ነጋዴዎች የከረጢት ሌብል፣ ለሱቆች ደግሞ ስቲከርና ባነር ማዘጋጀት ነው። ቤቴ ስሆን ኢንክስኬፕ፣ ሥራ ቦታ ኮረል ድሮው የተባሉትን የሥዕል ፕሮግራሞች እጠቀማለሁ። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ከቡና ፍሬ ጋር ያጣመረ ሎጎ አዘዘኝ። የበርጩማውን እግር ጫፍ ትንሽ ወደ ውጭ ላወጣ፣ በፍሬው ላይ ያለውን ስንጥቅም ከመሐል በጥቂቱ ላሸሽ ስሞክር ግን ነጥቡ ከእጄ አፈትልኮ አጠገቡ ወዳለው መስመር ይዘልና ይጣበቃል። ስናፕን፣ ማለትም ቅርጹን በአቅራቢያው ወዳለ መስመር ወይም ነጥብ ስቦ የሚያጣብቀውን አሠራር፣ ጨርሼ ሳጠፋው ደግሞ የሌብሉ ጠርዞች ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ። ምን ባደርግ ይሻላል? (ከጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስናፕን ጨርሶ ማጥፋት የሚያስከትለውን ጉዳት በራስዎ ሥራ ስላዩት ከዚያ እንነሣ። በዓይን ሲታዩ የተገናኙ የሚመስሉ ሁለት የመስመር ጫፎች በእርግጥ አንድ ካልሆኑ መስመሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ኮረል ድሮው እንዲህ ያለውን ክፍት ቅርጽ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ በስተቀር፣ ቀለም አይሞላውም፤ ስቲከሩ በመቁረጫ ማሽን የሚወጣ ከሆነም ምላጩ በዚያ ጥግ ላይ ሳይገጥም ስለሚያልፍ ጥጉ ከወረቀቱ በንጽሕና አይላቀቅም። ስለዚህ እኛ የምንመክርዎ ስናፕን ከማጥፋት በፊት የትኛው ነጥብ በምን እየተሳበ እንደሆነ እንዲለዩ ነው።

ይህን ለመለየት ኢንክስኬፕ ራሱ ይረዳዎታል። ቅርጹን ይዘው ሲጎትቱ ሊጣበቅ ባለበት ቦታ ላይ ትንሽ ምልክት ይታያል፤ አጠገቡም ምን ከምን ጋር እንደተጣበቀ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ጽሑፍ ሳያነብ ያልፈዋል፤ የችግሩ ምንጭ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ተጽፎ ይገኛል። የበርጩማው እግር ጫፍ የሚጣበቀው ከግሪድ፣ ማለትም ለመለኪያ ከተዘረጋው የመስመሮች መረብ፣ መገናኛ ጋር ነው የሚል ከሆነ ጥፋቱ የግሪዱ ነው፤ ከሌላ ቅርጽ ባውንዲንግ ቦክስ፣ ማለትም ቅርጹን ከዳር እስከ ዳር ከሚከበው አራት ማዕዘን ክልል ጥግ ጋር ነው የሚል ከሆነ ደግሞ ያንን ዓይነት ስናፕ ብቻ ማንሣት ይበቃል። በ2022 ከወጣው 1.2 እትም ጀምሮ የስናፕ ምልክት ከመስኮቱ በላይ በስተቀኝ ስለተቀመጠ፣ አጠገቡ ያለችውን ቀስት ሲጫኑ ዓይነቶቹን አንድ በአንድ ማብራትና ማጥፋት ይችላሉ። ለእርስዎ ሎጎ፣ የእግሮቹን ኩርባ በሚያስተካክሉበት ጊዜ የኖዶችን፣ ማለትም የቅርጹን መስመር የሚወስኑትን ነጥቦች፣ ስናፕ ብቻ እንደበራ ትተው የባውንዲንግ ቦክሱንና ቅርጾችን በአንድ መስመር የሚያሰልፈውን ቢያጠፉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሁከት ይቀንሳል ብለን እናምናለን።

ስለ ባውንዲንግ ቦክስ ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ኢንክስኬፕ ሁለት ዓይነት ክልል ያውቃል፤ አንደኛው የመስመሩን ውፍረት ይጨምራል፣ ሁለተኛው ውፍረቱን ትቶ የቅርጹን መሠረታዊ መስመር ብቻ ይለካል። የበርጩማው መስመር 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 1 ሚሊ ሜትሩ፣ ከመሠረታዊው መስመር ውጭ ይውላል። ቅርጹ «ትንሽ ርቆ ተጣበቀ» ወይም «ትንሽ ገብቶ ተጣበቀ» የሚያሰኘው ይህ ልዩነት ሊሆን ስለሚችል በፕሮግራሙ ምርጫዎች ውስጥ የትኛው እንደተመረጠ ይመልከቱ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን የስናፕ የመሳብ ርቀት ነው። ይህ ርቀት የሚለካው በስክሪኑ ፒክስል እንጂ በወረቀቱ ሚሊ ሜትር አይደለም። ርቀቱ ለምሳሌ 20 ፒክስል ቢሆን፣ በ100 ፐርሰንት ዕይታ ላይ አንድ ኢንች 96 ፒክስል ስለሚይዝ ቅርጹ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ርቆ ካለ መስመር እንኳ ይሳባል ማለት ነው። ዕይታውን ወደ 1000 ፐርሰንት ቢያሳድጉት ያው 20 ፒክስል በወረቀቱ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። የቡና ፍሬ ስንጥቅን የመሰለ ጥቃቅን ነገር የሚሠራ ሰው ሙሉውን ሌብል በስክሪኑ ላይ ዘርግቶ ኖድ ለመጎተት ሲሞክር ስናፕ እንደ ማግኔት የሚሆንበት ለዚህ ነው። አስቀድሞ ዕይታውን አቅርቦ መሥራት ምንም ቅንብር ሳይነካ ችግሩን ያቃልላል። ኮረል ድሮውም የመሳቡን ርቀት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ በሚል ስለሚያስመርጥ ዝቅተኛውን መያዝ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ይስማማል።

ለአንድ አፍታ ብቻ ስናፕን ማስቆም ሲፈልጉ በኢንክስኬፕ ጉተታውን ከጀመሩ በኋላ ሺፍትን ይጫኑ። ሺፍትን አስቀድመው ከያዙ ፕሮግራሙ ቅርጽ ለመምረጥ እንደፈለጉ ስለሚቆጥረው ሌላ ነገር ይሠራል፤ ቅርጹን በሚያሳድጉበትና በሚያሳንሱበት ጊዜም ሺፍት ሌላ ተግባር አለው። ጠቅላላ ስናፕን ለማብራትና ለማጥፋት የሚያገለግለው የፐርሰንት ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። በኮረል ድሮው ደግሞ እየጎተቱ ሳለ የኪውን ቁልፍ ተጭነው ቢቆዩ ስናፕ ለጊዜው ይቆማል፤ አልትና ኪው በአንድነት ሲጫኑ ጠቅላላው ይጠፋል ወይም ይበራል፤ አልትና ዜድ ደግሞ ከሌሎች ቅርጾች ጋር የሚደረገውን ስናፕ ብቻ ይመለከታል። እነዚህን ሁሉ አጥፍተው ቅርጹ አሁንም የሚሳብ ከሆነ ዳይናሚክ ጋይድና አላይንመንት ጋይድ የሚባሉትን፣ ሲጎትቱ ብቅ የሚሉ መምሪያ መስመሮች ይፈትሹ፤ በአልት፣ ሺፍትና ዲ፣ እንዲሁም በአልት፣ ሺፍትና ኤ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በነገራችን ላይ፣ ሌብሉን በአማርኛ ጽፈው ኪቦርዱ በአማርኛ እንደሆነ ከቆየ ኪውን ሲጫኑ ፕሮግራሙ የሚደርሰው «ቅ» ሊሆን ይችላልና አስቀድመው ወደ እንግሊዝኛው ይመልሱት።

የመጨረሻውን ጥቃቅን ማስተካከያ ግን ማውሱን ለቀው በቀስት ቁልፎች ቢያደርጉት የተሻለ ነው። በኢንክስኬፕ አልትን ይዘው ቀስት ሲጫኑ ቅርጹ ወይም ኖዱ በአንድ የስክሪን ፒክስል ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ዕይታውን ባቀረቡት መጠንም እርምጃው እየቀጠነ ይሄዳል። በኮረል ድሮው የቀስቱን እርምጃ መጠን ራስዎ ወስነው ማስገባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኢሉስትሬተር በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ለስልክ መተግበሪያ ምልክቶች ስሠራ፣ ግሪድ በስክሪኑ ላይ ባይታይም ቅርጾቹ በእርምጃ እየዘለሉ ይሄዳሉ። ቅርጾችን እርስ በርስ ለማሰለፍ የሚረዳው ስማርት ጋይድ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከጅማ)

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች አንድ ምክንያት ያላቸው ይመስላል። በኢሉስትሬተር ግሪዱ ባይታይም ከግሪድ ጋር የሚደረገው ስናፕ በርቶ ሊቆይ ይችላል፤ እርሱ በርቶ እያለ ደግሞ ስማርት ጋይድ አይሠራም። ቪው በሚለው ዝርዝር ውስጥ ገብተው ስናፕ ቱ ግሪድ የሚለውን ያንሡ፤ ከዚያም ኮንትሮልና ዩን ተጭነው ስማርት ጋይድን ያብሩ። መዝለሉ ከቀጠለ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ስናፕ ቱ ፒክስል በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ይህኛው ግን ለስልክ ምልክት ጠቃሚ ነው፤ ቀጥተኛ ጠርዞች በሁለት ፒክስሎች መካከል ወድቀው እንዳይደበዝዙ ስለሚያደርግ ኩርባዎቹን ሲሠሩ ብቻ አጥፍተው ለቀጥተኛ መስመሮች መልሰው ያብሩት።