«ያለኝ 300 ዩሮ ነው» ማለት ከበደኝ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከርመዋል?

የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። አራት ጓደኛሞች ነን። የተዋወቅነው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጀርመንኛ ስንማር፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ አራታችንም እኩል ነበርን። አንድ ዶነር ለሁለት ተካፍለን የበላንበት ቀን ብዙ ነው። ዛሬ አንዷ ነርስ ናት። አንዷ ከባለቤቷ ጋር ሱቅ ከፍታለች። ሦስተኛዋ ቢሮ ትሠራለች። እኔ አሁንም ረዳት ነኝ። ቅሬታ የለኝም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ደመወዛችን ግን አንድ አይደለም።

በመጪው የብርድ ወራት ነርሷ ጓደኛችን 40 ዓመት ይሞላታል። «አምስት ሌሊት ዱባይ!» የሚል ሐሳብ በዋትስአፕ ግሩፓችን ላይ መጣ። ሁሉም የልብ ምልክት ላኩ። እኔም ላክኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ዋጋው ሲመጣ ለአንድ ሰው ወደ 1,000 ዩሮ ሆነ። ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈው፣ መልስ አልሰጠሁም።

ለእናቴ በየወሩ 200 ዩሮ እልካለሁ። ጎንደር ናት። መድኃኒቷም የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያም ከዚያው ነው። እሱን ሳልነካ ለጉዞ ማውጣት የምችለው 300 ዩሮ ብቻ ነው።

ባለሱቋ ሁኔታዬ ገብቷት «አንቺ ብቻ ነይ፣ እኛ እንከፍልልሻለን» አለችኝ። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ሌላም ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት አራታችን ባርሴሎና ሄደን ነበር። ምሳውንም ታክሲውንም አንዷ በካርዷ ትከፍላለች፣ «በኋላ እንተሳሰባለን» እንላለን። ስንመለስ ሒሳቡ አልገናኝ አለ። እኔ ደግሞ ቦርሳሽ ትልቅ ነው ተብዬ አውሮፕላኑ በር ላይ 60 ዩሮ ከፍያለሁ። ለሦስት ወር ያህል ተኳርፈን ከረምን። በዚያ ላይ እዚያው በባሕሩ ዳርቻ የተነሳሁትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፌ ወንድሜ ምን ብሎ ጻፈልኝ? «ለባሕር አለሽ፣ ለኮሌጄ ግን ቆይ ትይኛለሽ።» ፎቶውን አጠፋሁት። ቃሉ ግን እስካሁን አልጠፋም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለእናቴ እደውላለሁ። ከእሷ ደብቄ መሄድ ያስጨንቀኛል። ነግሬያት መሄድም ያሳፍረኛል። «ከሥራ ፈቃድ አላገኘሁም» ብዬ ልቅር ወይ? ምን ይመክሩኛል?

እህትዎ፣ ከፍራንክፈርት

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ የቀረው እዚያች ልብ ላይ ነው። ሁሉም ሲልኩ አንቺም የላክሻት ልብ። ነገሩ የከበደሽ ከዚያ ጀምሮ ነው። ጓደኞችሽ «እሺ» ያልሽ መስሏቸዋል።

«ፈቃድ አላገኘሁም» አትበዪ። ነርሷ የፈረቃ ሥራን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ልደቷ ገና ወራት ይቀሩታል። «እንግዲያው ቀኑን እንቀይረው» ካሉሽ ሁለተኛ ውሸት ልትፈልጊ ነው።

ግሩፑ ላይ ከመጻፍሽ በፊት ለባለ ልደቷ ደውዪላት። ብቻዋን ስትሆን። እንዲህ በያት፦ «ልደትሽ ላይ ከጎንሽ መሆን እፈልጋለሁ። ለጉዞ ያለኝ 300 ዩሮ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። በዚህ የሚሆን ቦታ አብረን እንፈልግ።» ይኸው ነው። ስለ ደመወዝሽም ስለ ወንድምሽም ማብራራት አይጠበቅብሽም። ማብራሪያ ስታበዢ ነው ነገሩ ልመና የሚመስለው። ቁጥሩን ብቻ ንገሪያት። የምትወድሽ ከሆነ፣ ከደብዳቤሽ እንደማየው ደግሞ ትወድሻለች፣ «ዱባይ ይቅር» የምትለው ራሷ ናት።

«እኛ እንከፍልልሻለን» የተባለውን እንዴት እንደምትመልሺ ልንገርሽ። ሙሉውን አትቀበዪ። ምሳ በተበላ ቁጥር፣ ታክሲ በተያዘ ቁጥር አንገትሽን እየደፋሽ አምስት ቀን አትችዪም። ሙሉውን ደግሞ አትመልሺ፤ እሱም ልብ ይሰብራል። «የአንድ ቀን እራት ጋብዢኝ፣ ጉዞዬን ግን ራሴ ልክፈል» በያት። አንድ እራት ግብዣ ነው፣ ደስ ብሎሽ ትበዪዋለሽ። አንቺም በተራሽ ቡና ጋብዢ።

ባርሴሎና ላይ የተጣላችሁበትን ምክንያት እኔ በሚገባ አውቀዋለሁ። እኛ ሒሳብ ሲመጣ እንታገላለን። «እኔ ነኝ የምከፍለው!» «በሞቴ!» ትግሉን ያሸነፈችው ትከፍላለች። ለአንድ ቀን ምሳ ጥሩ ልማድ ነው። ለአራት ቀን ጉዞ ግን አይሆንም። የከፈለችው መጠየቅ ታፍራለች። ያልከፈለችው ስንት እንዳለባት አታውቅም። ሁሉም ቅር ብሎት ይመለሳል።

ስለዚህ እንደ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ምረጡ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እያንዳንዳችሁ 100 ዩሮ ለእሷ ስጡ። አራት መቶ ይሆናል። የጋራ ምግብ፣ አውቶቡስ፣ ቡና፣ ሁሉም ከዚያ ይወጣል፤ እሷም ማስታወሻ ላይ ትጽፋለች። ሲያልቅ እኩል ትጨምራላችሁ፤ ሲተርፍ እኩል ትካፈላላችሁ። ልብስና ስጦታ የሚገዛ ሰው ከራሱ ኪስ ይግዛ። አንድ ሕግ ደግሞ ጨምሩ፦ ከተስማማነው የተሻለ ክፍል ወይም ውድ ምግብ ቤት የምትፈልግ ልዩነቱን ትከፍላለች፣ ማንም አይቀየማትም። ከአሁኑ በየወሩ 50 ዩሮ እንደ ዕቁብ አንድ ሰው ጋ ብታጠራቅሙ ደግሞ ጉዞው ሲደርስ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ከኪሳችሁ አይወጣም።

ቦታውን በተመለከተ እኔ የምመርጥላችሁ ሮም ነው። ከዓርብ እስከ ሰኞ፣ ሦስት ሌሊት። ከበዓሉ ግርግር በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት። ያኔ አውሮፕላኑም ማደሪያውም ርካሽ ነው። ቅዝቃዜው ቢኖርም ከፍራንክፈርት ይሻላል። ከፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ እሑድ ጋር አጋጥሙት፤ በዚያ ቀን በጣልያን የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ይከፈታሉ፣ ኮሎሲየምም ጭምር። በሌላ ቀን መግቢያው 18 ዩሮ ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ግን በማለዳ ሂዱ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሁልጊዜም በነፃ ነው።

ትኬት ስትቆርጡ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። «ፍራንክፈርት ሐን» የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትኬቱ በ20 ዩሮ ቢረክስም የአውቶቡሱ ዋጋና የሁለት ሰዓቱ መንገድ ይበሉታል። ሁለተኛው ያው የ60 ዩሮሽ ጉዳይ ነው። በርካሽ ትኬት በነፃ የሚገባው ከመቀመጫ ሥር የሚሄድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። መጠኑን ከአየር መንገዱ ገጽ ላይ አይታችሁ ቦርሳችሁን ቤት ውስጥ በሜትር ለኩት። ለሦስት ሌሊት በቂ ነው። ወፍራሙን ጃኬት ለብሳችሁ ውጡ። ቼክ ኢኑንም ቀድማችሁ በስልክ ጨርሱ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ማስደረግ ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

ወረቀት! ከትኬቱ በፊት አራታችሁም ካርዳችሁን አውጥታችሁ የሚያልቅበትን ቀን እዩ። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ከፀና ፓስፖርት ጋር፣ ወይም ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላችሁ ያለ ቪዛ ጣልያን መግባት ትችላላችሁ። ከመካከላችሁ ዱልዱንግ (ከአገር እንዳትባረር የሚሰጥ ጊዜያዊ ወረቀት) ላይ ያለች፣ ወይም የጥገኝነት መልሷን ገና የምትጠብቅ ካለች ግን ከጀርመን መውጣት አትችልም። እንዲህ ከሆነ ሮምን ተዉትና ሐምቡርግ ሂዱ። አንዷን ቤት ትቶ ሦስት ሆኖ መሄድ የማታውቂው ቁስል ይተዋል።

ማደሪያ ሆቴል ሳይሆን አንድ ሁለት መኝታ ያለው አፓርታማ ያዙ። ለአራት ሲካፈል ይቀላል። ቁርስና አንድ ምግብ እዚያው ትሠራላችሁ። ከቤት አንድ ብልቃጥ በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ብትሄዱ የመጀመሪያው ምሽት እራት አለቀ። የከተማው የእንግዳ ግብር የሚባል ነገር አለ። በየሰው፣ በየሌሊቱ ይከፈላል። ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ባያችሁት ዋጋ ውስጥ ስለማይገባ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ቴርሚኒ የሚወስደው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ነው። አውቶቡሱ ግማሽ ያህሉን ነው የሚያስከፍለው። ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፣ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ነው። ቡናችሁን ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ተቀምጣችሁ ከጠጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። የምትጾም ካለች ፒዛ ማሪናራ ትዘዝ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ከፒዛ ሁሉ ርካሹ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሮምን የመረጥኩት ለርካሽነቱ ብቻ አይደለም። ለእኛ ሌላ ሮም አለች፤ ያውም በነፃ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስትወጡ የምትቆሙበት አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ» ይባላል። «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ከዚያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። በየቀኑ በዚያ የሚያልፈው ሕዝብ ብዙ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ ስንቱ ያውቃል? እናንተ ግን እያወቃችሁ ትቆማላችሁ።

ከዚያ በሜትሮ «ቺርኮ ማሲሞ» ውረዱ። ትኬቱ 1.50 ዩሮ ነው። ፖርታ ካፔና የሚባለው አደባባይ እዚያ ነው። የአክሱም ሐውልታችን ከ1937 ጀምሮ ከ60 ዓመት በላይ የቆመው በዚህ ቦታ ነበር። በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሲታቀድ ግን ለጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር ነበር። እኔ እዚያ ቆሜ ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ ሳይ እንባዬ መጣ፤ የደስታ ነው። ለ40ኛ ዓመት ልደት ፎቶ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ ልምጣ። ይሄ ከጉዞው ሁሉ ይከብደኛል።

የወር 200 ዩሮሽን አትንኪ። በተለመደው ቀን ይሂድ፤ እንዲያውም በዚያ ወር ከጉዞው በፊት ላኪው። ለዚህ ጉዞ አትበደሪ፤ ክሬዲት ካርድም አትጠቀሚ። ከዚያ ውጭ ያለው 300 ዩሮ ያንቺ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሰው እናትና አባት አንስተሽ፣ አጥበሽ፣ አብልተሽ ያገኘሽው ነው። ሦስት ቀን ማረፍሽ ከማንም አፍ የተነጠቀ አይደለም።

ወንድምሽ ክፉ አይመስለኝም። እሱ ያየው ባሕሩን ብቻ ነው። የሌሊት ፈረቃሽን አላየውም፤ አንቺም አሳይተሽው አታውቂም። አብዛኞቻችን ለአገር ቤት የምንልከው ፎቶ የምንስቅበትን ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጪ በእግርሽ እየሄድሽ ደውዪለት። ምን እንደምትሠሪ፣ ስንት ሰዓት እንደቆምሽ፣ ከደመወዝሽ ለቤት ኪራይ ስንት እንደሚሄድ ንገሪው። ኮሌጅ የገባ ልጅ ነው፣ ሒሳብ ይገባዋል። ፎቶውን ከተመለስሽ በኋላ ለጥፊው፣ እንደፈለግሽ። ዳግም እንዳታጠፊው ግን አደራ።

እናትሽን ደግሞ ከመሄድሽ በፊት ንገሪያት። «እማዬ፣ ጓደኛዬ 40 ዓመት ሞላት፣ ሦስት ቀን ሮም ልንሄድ ነው» ማለት ይበቃል። ምናልባት የምትጠይቅሽ ስለ ገንዘቡ አይሆንም። «ይበርዳል ወይ? ከማን ጋር ነሽ?» ትልሻለች።

እሑድ እሑድ አይደል የምትደውዪላት? ኮሎሲየም የምትገቡበትም ቀን እሑድ ነው። ከኮሎሲየም ወጥታችሁ ፖርታ ካፔና ስትደርሱ በቪዲዮ ደውዪላት። ካሜራውን አዙሪና ሐውልቱ የነበረበትን ቦታ አሳያት፤ ከዚያ ጓደኞችሽን አንድ በአንድ ታስተዋውቂያታለሽ።