ጀርመንኛ በሦስት ወር?

ከደሴ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የነርሲንግ ዲግሪ አለሽ፤ ሆስፒታል ውስጥ እየሠራሽ ነው። ጀርመን ሄደሽ በሙያሽ መቀጠል ትፈልጊያለሽ። ጓደኞችሽ «ጀርመንኛ አይሞከርም» ይሉሻል። አንድ ኤጀንት ደግሞ «ሥራሽን ልቀቂ፣ በሦስት ወር ቢ2 እናደርስሻለን» ብሎሻል፤ ቢ2 ከኤ1 ጀምሮ ኤ2፣ ቢ1 እያለ የሚወጣው የቋንቋ ደረጃ አራተኛው ነው። ማንን ልመን ነው የምትዪው።

ሁለቱንም አትመኚ።

ከጓደኞችሽ ልጀምር። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ ሲያስተምር ለጀርመንኛ 36 ሳምንት ገደማ ይመድባል፤ ለአማርኛ 44። በእነሱ ሚዛን ከባዱን ቋንቋ አንቺ አፍሽን ፈተሽበታል።

ደግሞ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንቀድምበት ነገር አለ። ዎርድ ውስጥ የምትናገሪያትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተመልከቺ፦ «ኢሽ ሃበ ዴም ፓትሲየንተን ዲ ታብሌተ ገጌበን»። ለታካሚው ክኒኑን ሰጥቻለሁ ነው። «ዴም» የኛን «ለ» ሥራ ይሠራል። ሌላ ቦታ ከስም ፊት የሚቆመው «ዴር» ወደ «ዴን» ሲለወጥ ካየሽ የኛን «ን» አስቢ። መስጠቱም፣ «ገጌበን»፣ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ግሡ ሁልጊዜ መጨረሻ አይሄድም፤ ሲሄድ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይጨንቀዋል፣ እኛ ግሥ ስንጠብቅ ነው ያደግነው። አንቱታውም አዲስ አይሆንብሽም። «ዚ» ብለሽ ግሡን እንደኛው በብዙ ቁጥር ታስኬጂዋለሽ። የሃያ ዓመቱን ታካሚም ጭምር፤ እዚያ አንቱ ለመባል ሽበት አይጠየቅም።

የሚያስለቅሰው አርቲክሉ ነው፤ ከስም ፊት ቆመው ጾታውን የሚናገሩት ዴር (ወንድ)፣ ዲ (ሴት)፣ ዳስ (ሦስተኛ ጾታ)። ጠረጴዛ ወንድ፣ መብራት ሴት፣ ልጃገረድ ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነች ሦስተኛ ጾታ! አንዳንዱ ሕግ አለው፤ በ«ኡንግ» የሚያልቅ ስም ሁሉ ማለት ይቻላል «ዲ» ነው። ለብዙው ግን ምክንያት ፍለጋ አትድከሚ። ቃሉን ብቻውን ደብተርሽ ላይ አትጻፊ፤ ከነአርቲክሉ ሸምድጂው።

ለነርስ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ቁጥር ነው። ሃምሳ ሦስትን «ሦስትና ሃምሳ» ይሉታል። በስልክ የላቦራቶሪ ውጤት ሲነገርሽ ከቸኮልሽ 35 ብለሽ ትጽፊያለሽ። አርቲክል ብትስቺ ፈገግ ብለው ያልፉሻል፤ እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የደም ግፊትና የመድኃኒት መጠን በጀርመንኛ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ።

አሁን ወደ ኤጀንቱ። ጀርመንኛ የሚያስተምረውና የሚፈትነው ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ራሱ ከዜሮ ተነስቶ ቢ2 ለመድረስ ከ600 እስከ 800 ክፍለ ጊዜ ይገምታል፤ አንዱ 45 ደቂቃ። 600ውን ለሦስት ወር ብታካፍዪው በሳምንት 50 ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በቀን ከስምንት በላይ። ያጠናሽው ራሱ መቼ ይረጋል? ሥራሽን ይዘሽ በሳምንት አሥር ብትማሪ ከዓመት ከሁለት ወር እስከ ዓመት ተኩል ይፈጃል። ያንቺ እውነተኛ የጊዜ ሰሌዳ ይሄ ነው። ቢ2 ደግሞ ለጌጥ አይደለም፤ በነርስነት ዕውቅና ለማግኘት በአብዛኞቹ የጀርመን ክፍላተ ግዛቶች የሚጠየቀው እሱ ነው።

ኤጀንቱ የሚያወራሽ ስለ አውስቢልዱንግ፣ ማለትም ስለ ጀርመን የሙያ ሥልጠና፣ ከሆነ ቆም በይ። ሦስት ዓመት እንደ አዲስ ተማሪ መሠልጠን ነው። የወር ክፍያ አለው፣ መጥፎ መንገድም አይደለም። ግን ዲግሪ ያለው ሰው መጀመሪያ መሞከር ያለበት ለዲግሪው ዕውቅና ማግኘት ነው። ጉድለት ቢገኝ እንኳ በማሟያ ሥልጠና ወይም በፈተና ይሸፈናል።

ስለዚህ ሥራሽን አትልቀቂ። ኤ1ን ብቻ ክፈዪና ጀምሪ፤ የሙሉ ጥቅል ገንዘብ ለማንም አትስጪ። ቢ1 ላይ ስትደርሺ የጎተን ፈተና ተፈተኚ። ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ጽሑፍና ንግግር ለየብቻ ይታረማሉ፤ ማለፊያው ለእያንዳንዱ ከመቶ 60 ነው። አንዱን ብትወድቂ እሱን ብቻ ትደግሚያለሽ። እሱን ስታልፊ ጻፊልኝ፣ የዕውቅና ማመልከቻውን አብረን እናየዋለን።