«ምሕረት» ወይስ «ምህረት»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ የተወለደችው የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት ዕለት ስለሆነ ስሟን ምሕረት አልናት። የልደት የምስክር ወረቀቷ ላይ ግን «ምህረት» ተብሎ ተጻፈ። አንድ አባት አይተው «በዚህ ፊደል ትርጉሙ ሌላ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። ስሟ ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልተበላሸም። እኚያ አባት ግን ያለ ምክንያት አልተናገሩም።

በግእዝ ሁለት ግሦች አሉ። በሐመሩ ሐ «መሐረ» ማለት ራራ፣ ይቅር አለ ነው፤ ምሕረት የወጣው ከዚህ ነው። በሃሌታው ሀ «መሀረ» ማለት ደግሞ አስተማረ ነው፤ መምህርና ትምህርት የተገኙት ከዚህኛው ነው። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልን የምንማጸንበት፣ ዳዊትም በመዝሙር 50 «ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ» ያለበት በሐመሩ ነው። በትግርኛ ይህ ሐ ዛሬም ከጉሮሮ ስለሚወጣ ሁለቱ በጆሮ ይለያሉ። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ሆኗል። ጌታ «የሚምሩ ብፁዓን ናቸው፤ ይማራሉና» (ማቴ 5፥7) ሲል «ይማራሉ» ያለው ምሕረት ያገኛሉ ለማለት ነው፤ ተማሪዎች ትምህርት ቤት «ይማራሉ» ስንልም ቃሉ በጆሮ ያው ነው። ወረቀቱን የጻፈው ሰው የሰማውን ነው የጻፈው፤ አትቀየሚው።

እግዚአብሔር ልጅሽን በፊደል ስሕተት አይረሳትም። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራል (ዮሐ 10፥3)። ካህኑም በጸሎት የሚያነሣት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ በተሰጣት የክርስትና ስሟ ነው። ስለዚህ ፍርሃቱን ተዪው።

እኔ ግን «ፊደል ምን ያደርጋል» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ፀሐይ ወጣ ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ግን ሌብነት ነው። አባቶቻችን ለይተው ያቆዩልንን ስናደባልቀው ቃሉ ከየት እንደ መጣ ልጆቻችን አያውቁም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ትዕግሥትም በዐይኑ ዐና በንጉሡ ሠ ካልተጻፈች ከ«ተዐገሠ» መወለዷ አይታይም።

ወረቀቱን ማሳረም ከቻልሽ አሳርሚው፤ ሌሎች ሰነዶቿን የሚያፋልስ ከሆነ ግን ይቅር። በጸሎት መጽሐፏና በደብተሯ ላይ በሐመሩ ጻፊላት። ፊደል ስትቆጥር ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷን ይዘሽ «ይህች ያንቺ ናት» በያት።