መልስ፦ እንግዳ ገጣሚ ተማሪዎችን እንዴት ያሠራ?

ሰላም እህቴ። አማርኛ የማይችል ገጣሚ ስድስት ኪሎ አንድ ወር ተቀምጦ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ግጥም ማሠራት ይችላል ወይ ላልሽው፣ በደንብ ይችላል። ልጆቹ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ግን አታድርጊ። እኛ እንዲህ ያለ እንግዳ ስናስተናግድ እንደዚያ ጀምረን ሁለት ሳምንት ባከነብን፤ ሁሉም የፈተና ድርሰት የመሰለ ነገር ይዞ መጣ።

የቀናን ከግጥሙ ምጣኔ፣ ስንኙ በስንት በስንት ቀለም (ክፍለ ቃል) እንደሚመታ ከማሳየት ስንነሳ ነው። ከአማርኛ የግጥም ቤቶች የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ነው፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ልጆቹ ጠረጴዛ እየመቱ ሲያነቡለት እንግዳው ትርጉሙ ሳይገባው ምቱን ያዘ፤ በማግስቱ በራሱ ቋንቋ በዚያው ልክ ጽፎ መጣ። ከዚያ በኋላ ዝም ብለው ይቀመጡ የነበሩት ሁሉ እናንብብ ማለት ጀመሩ። እኔ እስከዛሬ ደስ ይለኛል።

ሰምና ወርቅን ለኋላ አቆዪው። ሁለቱን ትርጉም ባንድ የያዘው ኅብረ ቃል ሲተረጎም ይፈርሳል። የቅኔ ትምህርት ያለው ሰው አንድ ከሰዓት ጋብዢ፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ለማሳያ ይበቃል።

የትምህርት ቤት ልጆቹን ስም ዝርዝር ደግሞ ቀደም ብለሽ ለበር ጥበቃ አስገቢ። ግቢው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነውና እዚያ ያለውን ሙዚየምም አሳዪያቸው።